በስግደቱ ፈንታ

መምሬ ሀብተ ሥላሴ ሙዝ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም በደርግ ጊዜ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ እሳቸውን በሌሉበት "መምሬ ሙዝ" የማይላቸው ሰው ጥቂት ነበር። ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። የደም ግፊት አለብዎ ተብለው ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ፣ ራሴን አመመኝ ላለ ሁሉ ሙዝ ብላ ይሉታል። ክርስትና ላይ ይሉታል፤ ሰንበቴ ላይ ይሉታል፤ ተዝካር ላይ እንኳ ሟቹ ሙዝ ቢበላ ኖሮ ለማለት ትንሽ ነበር የሚቀራቸው።

"ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ" ይላሉ። "ፖታስየም የሚሉት ነገር አለበት፤ ጨው ያስቆጣውን ደም ያበርደዋል።" ፖታስየም የምትለዋን ቃል እንደ ግዕዝ አጥብቀው ስለሚያነሷት ደብተራዎቹም አልሳቁባቸውም።

ውሸት አልነበረም። ሐኪሙ በእርግጥ ብሏቸዋል። ነገር ግን ሐኪሙ ከሙዙ በፊት የነገራቸው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን አያወሩትም። እሱን የሚያውቁት እሳቸውና ባለቤታቸው እናትዓለም ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ የብርጓል የመምሬ የንስሐ ልጅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከአንድ ልጃቸው ከባንቺአየሁ ጋር ነው። ባንቺአየሁ ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ ጸሐፊ ናት፤ እንደ ሥራ ጓደኞቿ በውይይት ክበብ ትቀመጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ባትተወውም ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ ግራ ቀኝ አይታ ነው የምትሳለመው። እናቷ ይህን ያያሉ፤ አይናገሯትም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከቁጣ ይከብዳል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ወይዘሮ የብርጓል ንስሐ ገቡ። ምን ብለው እንደተናዘዙ አናውቅም፤ ልናውቅም አይገባም። በኋላ ራሳቸው ካወጡት የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፤ መምሬ ስግደት አዘዟቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ምድር እንደሚዞርባቸው ተናገሩ። ሴትዮዋም የደም ግፊት አለባቸው። መምሬ አዘኑላቸው።

"በይ ስግደቱን ተዪው፤ በሱ ፈንታ፣ በሽተኛ ሰዓት አይጠብቅምና፣ ጠዋትና ማታ ሙዝ ብዪ፣ ወለተ ሩፋኤል" አሉ። በክርስትና ስማቸው ነው የሚጠሯቸው።

መምሬ የመከሩ መስሏቸው ነበር። ምክሩ ግን የተነገረው ሴትዮዋ ተንበርክከው፣ መስቀሉ ከራሳቸው በላይ ሆኖ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የተነገረ ነገር ለወይዘሮ የብርጓል ምክር አይደለም፤ ቀኖና ነው። ቀኖና ደግሞ ይፈጸማል እንጂ ለልጅ አይወራም።

ከዚያ ወዲያ ሙዝ ለሳቸው ምግብ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አማትበው ቆመው ይበላሉ። ማታም እንደዚሁ። ቢጠግቡም ይበላሉ፤ ሆዳቸው እንቢ ሲላቸው አጠንክረው ይበላሉ፣ ከስግደት ቢከብድ እንጂ ቢቀል አልወደዱምና። ባንቺአየሁ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። እናቷ አንድ ነገር አምሯቸው ማየቷ ደስ እያሰኛት፣ ከሥራ ስትመለስ በገበያ በኩል ዞራ፣ የበሰለውን መርጣ፣ በዘንቢል ይዛ ትገባለች።

"እማ፣ ዘንድሮስ ጾሙ ጦጣ አደረገሽ" ትላለች።

እናቷ አይስቁም።

ጾሙ ሲጋመስ እግራቸው አበጠ። ከዚያ ፊታቸው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እጃቸው ብርጭቆ ማንሳት አቃተው። ባንቺአየሁ ጎረቤት ጠርታ፣ ጋሪ አስቁማ፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

የተቀበላቸው ዶክተር አንዳርጋቸው የሚባል ወጣት ነበር። ልባቸውን በመሣሪያ አየ፤ ደማቸውንና ሽንታቸውን አስመረመረ፤ ከዚያ ባንቺአየሁን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

"ግፊቱ ከርሞ ከርሞ ኩላሊታቸውን አድክሞታል" አላት። "ምን ይበላሉ?"

"ያው የጾም ነው። ሽሮ፣ ድንች። ሙዝ ደግሞ ይወዳሉ።"

"ምን ያህል?"

ነገረችው።

"ፖታስየም የሚባል ነገር አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ደግ ነገር ነው፤ ግፊትም ያወርዳል። እኛም ብሉ እንላለን። የደከመ ኩላሊት ግን ትርፉን ማስወጣት አይችልም። ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጡንቻ ያደክማል፤ ልብ ያዘገያል፤ ሲብስም ያቆማል። ድንች የግድ ከሆነ ልጠሽ፣ ቆራርጠሽ፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው። ብርቱካንና ቲማቲም ይቅር። ሙዝ ግን በአፋቸው እንዳይገባ። ማነው የሚገዛላቸው?"

"እኔ ነኝ" አለች ባንቺአየሁ፤ ፊቷ እስከ አንገቷ ጋለ። በዘንቢል እየመረጠች ያመጣችው እሷ ነበረች።

ወይዘሮ የብርጓል የሐኪሙን ቃል ሰሙ፤ "እሺ" አሉ፤ ከሴቶቹ ክፍል ተኝተው መርፌውንም ተወጉ። ለጥቂት ቀን ተሻላቸው። ከዚያ እንደገና ወደቁ። ብርጭቆው እንደገና ከጃቸው አመለጠ፤ ዶክተሩ የልብ ምታቸውን ይዞ ሰዓቱን እያየ ፊቱን አጨፈገገ። ምን በላሽ ሲባሉ ያው የሆስፒታሉን ምግብ ይላሉ።

ነገሩን ያወጣችው ሲስተር ሸዋዬ ናት። አንሶላ ልትቀይር ፍራሹን ከፍ ብታደርገው ከሥሩ የሙዝ ልጣጭ ተጋድሟል። ግማሹ ጠቁሮ ደርቋል፤ ግማሹ የዛሬ ነው። ከየት መጣ ማለት አያስፈልግም፤ የሴቶቹ ክፍል ሙሉ ነው፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ወይ ብርቱካን ወይ ሙዝ ይዞ ነው የሚመጣ። ወይዘሮ የብርጓል ለምነው ነበር የሚበሉት። በየአልጋው ባለው ሰው ፊት ሲስተር ሸዋዬ ልጣጩን በሳህን ሰበሰበች። ባንቺአየሁ ወለሉን ታያለች። እናቷ ከሰው ቤት ዕቃ ሰርቀው የተያዙ ያህል ነው የተሰማት።

ዶክተሩ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

"ልባቸው ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር" አላት። "የሚመልሰውን መድኃኒት ሰጥቻለሁ። ግን ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም፤ አሁን ያለን ይኸው ነበር። አንዴ ከደገሙት ማዳን አልችልም። አስረጃቸው።"

ባንቺአየሁ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

"እማ፣ ምነው እንዲህ አዋረድሽኝ? ለሙዝ ብለሽ ልትሞች ነው?"

"አልሰረቅሁም፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ የብርጓል፤ ድምፃቸው አልቋል። "መች አምሮኝ ሆነና። ሽታው እንኳ ያቅለሸልሸኛል። የታዘዝሁት ነው።"

"ማን አዘዘሽ?"

"የነፍስ አባቴ። በስግደቱ ፈንታ።"

ባንቺአየሁ ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ሲገባት ደግሞ ደሟ ፈላ።

"ሐኪሙ ተዪ ብሎሻል እኮ።"

"እሱ አላዘዘኝ፤ እሱ አይፈታኝ። ቀኖናዬን ጥዬ ብሞት ምን ብዬ እቆማለሁ? ተዪኝ ልጄ።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ባንቺአየሁ ከሆስፒታሉ ወጥታ የሐይቁን ዳር ይዛ ወደ ደብሩ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው። ስትደርስ ሰው ከበር ይፈስሳል፤ መምሬ ሀብተ ሥላሴ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመው መስቀል ያሳልማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ከመንገዱ ማዶ ትቀር ነበር። ያን ዕለት ሰልፉን ሰንጥቃ ገባች።

"አባቴ፣ እናቴ በርስዎ ሙዝ ልትሞት ነው" አለች፤ ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። "ሐኪም ነዎት ማን አለዎ? ኩላሊቷ እንደደከመ ሳያውቁ በንስሐ አስረው ሙዝ ያበሏታል። ሆስፒታል ሙታ ብትቀር ይቀድሱላት ይሆናል።"

መስቀሉ በአንድ ሰው ግንባር አጠገብ እንደተዘረጋ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው "መምሬ ሙዝ" ሲል ተሰማ፤ ሌላው ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ተቆረጠ። የመምሬ ዓይን እሷን ሳይሆን እግራቸውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ዞረው ሄዱ፤ መስቀል ሊሳለም የተሰለፈው ሰው ሳይሳለም ተበተነ። ባንቺአየሁም የልቧን ተናግራ ቀለል ያላት መስሏት ነበር፤ ከግቢው ወጥታ ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ግን የራሷ ድምፅ በጆሮዋ ተመለሰባት። አፈረች። ብታፍርም ልክ ነኝ አለች። ልክ መሆኗ እፍረቱን አላቃለለላትም።

ወሬ በዚያ ዘመን ከሰው ይቀድማል። ሲመሽ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ የተወራው፣ የፋብሪካዋ ልጅ መምሬን ለቀበሌ ከሰሰቻቸው፣ ነገ ጓዶቹ ይጠይቋቸዋል የሚል ነበር። ወይዘሮ የብርጓል ይህን ሰሙ። ልጃቸው ስትመጣ አላናገሯትም፤ ያቀረበችላቸውን ሾርባም አልነኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መምሬ መጡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸው የታጠበ፤ ከኋላቸው እናትዓለም ባዶ እጇን። ባዶ እጇን መምጣቷን ክፍሉ ሁሉ አየ። ባንቺአየሁ ከመቀመጫዋ ተነስታ ለቀቀችላቸው፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ዶክተር አንዳርጋቸው በዚያው ክፍል ሌላ በሽተኛ እያየ ነበር።

"ወለተ ሩፋኤል" አሉ መምሬ። "ሙዙን ፈትቼልሻለሁ። አትብዪው።"

ወይዘሮ የብርጓል ከትራሱ ቀና አሉ።

"አባቴ፣ አስገደዱዎ?"

"ማንም አላስገደደኝ።"

"ልጄ በሰው ፊት ጮኸችብዎ አሉ። ቀበሌ ሊጠራዎ ነው አሉ። እኔ በሷ ድፍረት የተገኘ ፍታት አልቀበልም። እርስዎ ራስዎ በሙዝ ድነው የለ? ቅዳሴውን ቆመው ይወጡት የለ? ደግ ነገር ባይሆን እኔን ያዙኝ ነበር? ፈርተው ነው እንጂ።" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። "ግድ የለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

መምሬ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። እናትዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

"ይንገሯት" አለች።

"እዚህ?"

"እዚህ ነው የተኛች እኮ።"

በክፍሉ ውስጥ መጋረጃ የለም። አልጋው ከአልጋው ክንድ አይርቅም። መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ሁሉንም ዝም ያሰኛል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰማ።

"አልዳንሁም" አሉ። "ሐኪሙ የሰጠኝ ክኒን ነበር። ሽንት የሚያሸና። ክኒኑ ሲያሸናህ ያን ፖታስየም አብሮ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ሙዝ ብላበት አለኝ። መድኃኒቱ ክኒኑ ነበር፣ ወለተ ሩፋኤል። ሙዙ አብሮት የሚበላ ነው። ክኒኑን ግን ተውሁት።"

"ታዲያ ክኒኑን ለምን ተዉት?"

መምሬ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አምና ለኅዳር ሚካኤል ቀዳሹ እኔ ነበርሁ። በዋዜማው፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ክኒኑን ውጫለሁ። ከተገባ በኋላ መውጣት እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ያዝሁት፣ ያዝሁት። አቃተኝ። እመቅደስ ውስጥ፣ ልብሰ ተክህኖ እንደለበስሁ አመለጠኝ።"

ሲስተር ሸዋዬ በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ቀረች።

"ለአለቃው አልነገርሁም። እሷ ብቻ ናት የምታውቅ፤ ልብሱን እሷ አጠበችው። በማግስቱ ክኒኑን ተውሁት። ሙዙን ግን አልተውሁም፤ እሱ አያዋርድም። ሰው ምን አዳነዎ ሲለኝ ሙዝ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ብየው ኖሮ ለኔም እውነት መሰለኝ። ራሴን ያመኛል፤ አፍንጫዬን ይነስረኛል፤ ሌሊት ዓይኔ ይጨልማል። ላንቺ ያዘዝሁሽ የኔን ሐፍረት መሸፈኛ ነው። ቀኖና አይደለም። ማንም አላስገደደኝ፤ የልጅሽም ጩኸት እውነት ነበር።"

ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን ሳቡና ፊታቸውን ሸፈኑ። የተሸፈነው የሳቸው ፊት ቢሆንም የማን ሐፍረት እንደተሸፈነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ገብቶታል። ባንቺአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ትናንት በደጀ ሰላሙ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የተዘረጋ መስቀል ላይ የጮኸችው ትዝ አላት፤ መሬት ቢከፈት ትገባበት ነበር።

"ይፍቱኝ፣ አባቴ" አሉ ወይዘሮ የብርጓል ከነጠላው ሥር።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ።" መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አኖሩ። "ዶክተሩ አትብዪ ያለሽን አትብዪ። ይኸ ነው ቀኖናሽ።"

"ስግደቱሳ?"

"ስግደቱን እኔ እሰግድልሻለሁ።"

ይህን ጊዜ ዶክተር አንዳርጋቸው መጣ። እንደሰማም እንዳልሰማም ለመምሰል እየሞከረ ነበር፤ አልሆነለትም።

"አባ፣ መጀመሪያ ክንድዎን ያውሱኝ" አለ። የግፊት መለኪያውን አሰረ፤ ነፋ፤ አስተነፈሰ፤ እንደገና ነፋ። "በዚህ ግፊት እንኳን የሰው ስግደት ሊሰግዱ እስካሁን መቆምዎም ተአምር ነው። አሁኑኑ መርፌ ይወጋሉ። ኩላሊትዎንም አያለሁ፤ እስካይ ድረስ ሙዙን እርስዎም ይተዉት።"

"የምኑ መርፌ?"

ዶክተሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ገባቸው፤ እሱም የሚያሸና ነው።

"እቤቴ ስደርስ" አሉ መምሬ። "መንገድ ላይ ቢይዘኝስ? ክኒኑን ስጠኝ፤ ማታ እቤቴ እውጠዋለሁ።"

"አባቴ" አሉ ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው። "እኔ ታዝዣለሁ። እርስዎም ይታዘዙ።"

መምሬ ክንዳቸውን ዘረጉ። ሲስተር ሸዋዬ ወጋቻቸው። ከዚያ መምሬ፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዷቸው ይሆናል፣ ተነስተው ለክፍሉ ሁሉ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። ሴቶቹ ቀና ቀና አሉ፤ መነሳት የቻሉት ተነሱ። ድምፃቸው መልካም ነበር፤ በደብሩ የሚወደዱት በሱ ነው። ውዳሴው ሲጋመስ ድምፁ ቀጠነ። አንድ ቃል ጀመሩና አልጨረሱትም። እጃቸው ጋቢያቸውን ጨመደደ።

መምሬ መስቀሉን እወይዘሮ የብርጓል ትራስ ላይ አስቀመጡ፤ እናትዓለም ልትነሳ ስትል ባንቺአየሁ ቀድማ ክንዳቸውን ያዘች። በአልጋዎቹ መካከል እየመራች ወሰደቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ የእናቷ ድምፅ ከኋላ ተሰማት።

"አትዩዋቸው" እያሉ ነበር ለክፍሉ። "ዙሩ። ወደ ግድግዳው ዙሩ።"

አልጋዎቹ ሲንቋቁ ሰማች። መነሳት ያልቻለችው፣ መርፌ ክንዷ ላይ የተሰካባት እንኳ አንገቷን አዞረች።

መጸዳጃው በግቢው ጫፍ፣ በሐይቁ በኩል ነው። ባንቺአየሁ ጋቢያቸውን ተቀብላ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ወደዚያ የመጣውን ሰው "ሰው አለ" አለችው፤ ሰውየው ጋቢውን አይቶ ሊጠይቅ ሲል ዓይኗን አፈጠጠችበትና ተመለሰ። መምሬ ሳያመልጣቸው ደርሰው ነበር። ሲወጡ ፊታቸው ላብ አውጥቷል።

"አባቴ፣ የትናንቱ…" አለች፤ መጨረስ አልቻለችም።

"እውነት ነው ያልሽ" አሉ ጋቢያቸውን እየተቀበሉ። "ጮክ ማለትሽ ብቻ ከበደኝ።"

አንገቷን ደፋች። ይቅርታ የምትለው ቃል ትንሽ ሆነችባት፤ ዋጠቻት። ክንዳቸውን ብቻ እንደገና ያዘች።

ሲመለሱ ክፍሉ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነበር። ዶክተሩ ሳይቀር መስኮቱ ላይ ቆሞ ሐይቁን ያያል። መምሬ በአልጋዎቹ መካከል አልፈው መስቀላቸውን ከትራሱ ላይ አነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ውዳሴውንም ካቋረጡበት ቃል ጀምረው ቀጠሉ።